መልስ፦ የማኅበሩን መጋረጃ መግለጥ እኛ ጋ ይሠራል ወይ?

እህቴ፣ ዱቄት በዱቤ ያስረከብሽው ኃ/የተ/የግ/ማኅበር ካዝናው ባዶ ሆኖ ባለቤቱ በሌላ ስም ሥራ ጀምሯል፤ «የአሜሪካኖቹ መጋረጃ መግለጥ፣ ማለትም ባለቤቱን ለማኅበሩ ዕዳ በግል ተጠያቂ ማድረግ፣ ያድነኛል?» ብለሻል።

ሐሳቡ ይጠቅምሻል፣ ግን እዚያም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ዎልኮቭስኪ በካርልተን ላይ ያቀረበውን ክስ እዪ። ባለሀብቱ ታክሲዎቹን ለአሥር ኩባንያዎች ሁለት ሁለት አድርጎ አከፋፍሎ፣ ሕጉ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ ኢንሹራንስ ብቻ ገብቶ ነበር። በታክሲ የተገጨው ሰው ባለቤቱን በግል ሲከሰው ፍርድ ቤቱ የካፒታል ማነስ ብቻውን አይበቃም አለ፤ የኩባንያዎቹን ገንዘብ እንደ ግል ኪሱ መጠቀሙ በክሱ መገለጽ ነበረበት።

ስለዚህ የባንክ መግለጫውን አስቀርቢ። ከማኅበሩ ሒሳብ የቤት ኪራዩ ተከፍሏል? ሚዛኑና መኪናው ወደ አዲሱ ድርጅት የሄዱት በስንት ብር ነው? ክሱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

የሚያሳዝነኝ፣ የውጭውን ስንናፍቅ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለውን መርሳታችን ነው፦ ባለዕዳ ገንዘብ ጠያቂውን ለመጉዳት በተንኮል የፈጸመውን ተግባር መቃወም ይቻላል። ይህ ከሮማውያን ሕግ የመጣ መሣሪያ ዕቃው ለአዲሱ ድርጅት በርካሽ ለተላለፈበት እንዳንቺ ላለ ጉዳይ በጣም ይቀርባል። የንግድ ሕጉን አዋጅ 1243/2013ንም ጠበቃሽ ጎን ለጎን ይይ።

አንድ ነገር ግን ከአሜሪካ ብንወስድ ደስ ይለኛል። ባለቤቱ «እኔም ለማኅበሩ አበድሬያለሁ» ብሎ በኪሳራ ጊዜ ከአንቺ እኩል ሲሰለፍ፣ በደል ከፈጸመ የእነሱ ፍርድ ቤት ከኋላሽ ያሰልፈዋል።