«ሁለተኛ ሜዳይ» ወይስ «ሜዳይ ለሁለተኛ ጊዜ»?

ጥያቄ፦ የአንድ አሜሪካዊ የምድር ጦር መኮንን የሕይወት ታሪክ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። «የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ከሁለት የባሉጥ ቅጠሎች ጋር ተሸለመ» ብዬ ጻፍኩ። አራሚዬ «ሁለተኛ ሜዳይ ተሸለመ» በል አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም፤ መኮንኑ የተሸለመው ሦስት ጊዜ ነውና።

በአሜሪካ ምድር ጦር አንድ ወታደር ያንኑ ሜዳይ ደግሞ ሲሸለም፣ ደረቱ ላይ ሌላ ሜዳይ አይጨመርለትም። በመጀመሪያው ሜዳይ ጥብጣብ ላይ ትንሽ የነሐስ የባሉጥ (የኦክ ዛፍ) ቅጠል ይሰካለታል። ሜዳዩ ራሱ አንድ፣ ሁለቱ ቅጠሎች ሁለት፣ በድምሩ ሦስት። አንድ የብር ቅጠል አምስት የነሐስ ቅጠሎችን ይተካል፤ ስለዚህ አንድ የብር ቅጠል ብቻ ያለበት ሜዳይ ስድስት ሽልማት ነው። ባሕር ኃይሉ በቅጠል ፈንታ ትንሽ የወርቅ ኮከብ ያደርጋል። ይህን «የነሐስ ኮከብ ከወርቅ ኮከብ ጋር» ብንለው፣ አንባቢ ሁለት ዓይነት ሜዳይ የተሰጠ ይመስለዋል። «ከ… ጋር» አብሮነትን እንጂ ድግግሞሽን አይነግረንም።

የአራሚዎ «ሁለተኛ» ከቁጥሩ ስሕተት ሌላም ችግር አለበት። ከሽልማት ስም ፊት ሲቆም ጆሯችን «ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። የጀርመንን የብረት መስቀል ይመልከቱ፤ ሁለተኛ ደረጃው ቀድሞ፣ አንደኛ ደረጃው ተከትሎ ይሰጥ ነበር። «ሁለተኛ የብረት መስቀል ተሸለመ» ብንል ደረጃውን ነው ወይስ ተራውን? ዓረፍተ ነገሩ አይመልስም። «ሁለተኛ ሜዳዩን ተሸለመ» ስንል የባለቤትነት ቅጥያዋ ትርጉሙን ወደ ተራ ቁጥር ትስበዋለች፤ ያም ሆኖ ያንኑ ሜዳይ ይሁን ሌላ ዓይነት አይለይም።

«በድጋሚ ተሰጠው» የሚሉም አሉ። እኔ አልወደውም፤ የጠፋ ሜዳይ ተተክቶ ሲሰጥም እንዲሁ እንላለንና። ተደጋጋሚ ሽልማት ግን ምትክ አይደለም። ደንቡ በአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መሸለምን ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ የሆነ ጀብዱ ወይም አገልግሎት አለው። ያንን የሚያከብር አገላለጽ «ጊዜ»ን የሚቆጥረው ነው፦ «የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ሦስት ጊዜ ተሸልሟል።» ቅጠሎቹን መጥቀስ ካስፈለገ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይግቡ።

የእንግሊዞቹንም በዚሁ መንገድ ይተርጉሙ። እነርሱ ለተደጋጋሚ ሽልማት ጥብጣቡ ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ ያደርጋሉ፤ ስሙ «ባር» ነው። «የቪክቶሪያ መስቀል ከባር ጋር» የሚል ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ መጠጥ ቤት ያስታውሰዋል፤ ለጀግና ይህ አይገባም። ይህን መስቀል፣ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ ሁለት ጊዜ ያገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ሐኪሙ ኖኤል ቻቫስ ነው፦ «የቪክቶሪያ መስቀልን ሁለት ጊዜ ተሸልሟል፤ ሁለተኛው የተሰጠው በ1917 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ነው።»