«ሽሮው እንዳያር እየሰጋሁ ነው የምጸልየው»

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። 38 ዓመቴ ነው። ጠዋት የዘወትር ጸሎት አደርሳለሁ፣ እሑድ አስቀድሳለሁ፣ ጾም አልገድፍም። ልቤ ግን የለም። በቀደም እየጸለይኩ ሽሮው እንዳያር ስሰጋ «አሜን» አልኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ እንጃ! እምነቴ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የሞተ እንዲህ አያሳስብም። እኔም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳስቀድስ መቋሚያዬን ተደግፌ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች የምቆጥርበት ጊዜ ነበር። ከመቶ በላይ ናቸው፤ አንድም ቀን ጨርሼ አላውቅም።

የነፍስ አባቴ ቤት ይመጣሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ጠጥተን ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን። አንድ ቀን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ለመሆኑ ንስሐ ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። «ለጊዜው አባታችን ሆይን ብቻ፣ ቀስ ብለህ» አሉኝ።

ቀስ ስል «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ቆምኩ። ከወንድሜ ጋር በውርስ ቤት ተኳርፈን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ለካ በየቀኑ በላዩ እየሮጥኩ ነበር!

አንቺም ለነፍስ አባትሽ ይህንኑ የሽሮ ነገር ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ጸሎቱን በራስሽ አታሳጥሪ፤ እሳቸው ይወስኑልሽ። ቅዳሴው በግዕዝ ስለሆነ ካመለጠሽ የአማርኛ ትርጉም ያለውን መጽሐፍ ይዘሽ ተከተዪ። ሽሮውን ደግሞ መጀመሪያ አውርጂው።

ከወንድሜ ጋር ገና አልታረቅንም። ስልኬን ግን ማንሳት ጀምሯል።