«አመሰግናለሁ፣ አልራበኝም» ስትሉ የሚያምናችሁ አገር፤ ስለ ሲያትል የሆምስቴይ ኑሮ ጥያቄና መልስ

ሲያትል ተማሪ ሆኜ ስገባ የተቀበሉኝ ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ነበሩ። አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። ሆምስቴይ የሚባለው ይኸው ነው፤ ተማሪ እየከፈለ ከአንድ ቤተሰብ ጋር በቤታቸው መኖር። ዛሬ በተራዬ በቤቴ ያለችውን ትርፍ ክፍል ለውጭ አገር ተማሪዎች እሰጣለሁ፤ ከቬትናም፣ ከጃፓንና ከኬንያ የመጡ ልጆች ኖረውባታል። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ስላየሁት የመስከረም ትምህርት ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛብኛል። ዘንድሮ የደረሱኝን እዚህ በአንድ ላይ ልመልስ። የማውቀው ሲያትልንና ዙሪያዋን ብቻ ነው። ኒውዮርክ ወይም ቺካጎ የምትሄዱ ዋጋውንና ርቀቱን በዚያው ከተማ ልክ ገምቱት።

በነገራችን ላይ ተማሪ የሚቀበለውን ቤተሰብ (ሆስት ፋሚሊ) «አስተናጋጅ ቤተሰብ» ብሎ መተርጎም አይጥመኝም፤ ሂሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው ይታየኛል። እኔ «ተቀባይ ቤተሰብ» እላለሁ።

እትዬ፣ ሆምስቴይ ከተራ የክፍል ኪራይ በምን ይለያል? ዋጋውስ ያዋጣል? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

በሆምስቴይ የምትከፍለው ለክፍሉ፣ ለአልጋው፣ ለመብራቱ፣ ለውኃው፣ ለኢንተርኔቱና እንደ ውሉ ለምግቡ ነው። ከዚህ በላይ ግን ሰው ታገኛለህ። የመጀመሪያ ቀን አውቶቡስ የት እንደሚቆም የሚያሳይህ፣ ትኩሳት ሲይዝህ በርህን የሚያንኳኳ ሰው። ከቤቱ ጋር የሚያገናኝህ ድርጅት ወይም ኮሌጅ አንድ ጊዜ የሚከፈል የምደባ ክፍያ ይጠይቃል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ሲያትል ውድ ከተማ ስለሆነች ምግብ ያለበት ቤት በወር ከ1,000 ዶላር በላይ እንደሚሆን አስበህ ተዘጋጅ።

ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ሁለት ሦስት ጓደኞች አፓርታማ ቢጋሩ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ገና ያልመጣ ልጅ በአሜሪካ የብድር ታሪክ የለውም፣ ዋስ የሚሆነውም ሰው የለውም፤ አከራይ እንዴት ያምነዋል? የእኔ ምክር የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ሆምስቴይ ኖረህ፣ ከተማዋን አውቀህ ከዚያ መወሰን ነው። የሲያትል ኮሌጆች ዓመቱን በሩብ ከፍለው ስለሚያስተምሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማለት ነው፤ ይህን ያልኩት በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። የማላውቀው ሰው ቤት ልልካት ነውና እንቅልፍ አጣሁ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

እናቴ፣ እንቅልፍ ማጣትዎ ተገቢ ነው፤ እንቅልፍ ያላጡትን ወላጆች ነው እኔ የምፈራው። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ካሉ ኮሌጆች አንዳንዶቹ 16 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ተቀብለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከኮሌጁ ጋር አንድ ላይ ያስጨርሷቸዋል። ልጅዎ በዚህ መንገድ እየመጣች ይመስለኛል።

ለድርጅቱ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቤቱ የሚኖር ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ተጣርቷል ወይ? የሚያጣሩት እናትና አባቱን ብቻ ነው ወይስ በምድር ቤት የሚኖረውን ትልቅ ወንድ ልጅም? ቤቱን ሰው ሄዶ አይቶታል ወይ? የልጄ ክፍል መስኮትና ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው ወይ? ሌሊት ችግር ቢፈጠር የሚያነሳ ስልክ የማን ነው? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ድርጅት ገንዘብዎን አይገባውም። ከመምጣቷ በፊትም ከቤተሰቡ ጋር በቪዲዮ ይነጋገሩ። እንግሊዝኛ አልችልም ብለው ከኋላ አይቀመጡ፤ ፊትዎ ይታይ። እኔ የልጅቷን እናት ካየሁ በኋላ የምይዛት ልጅና በስም ብቻ የማውቃት ልጅ አንድ አይሆኑብኝም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ነገር በጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ጉዳይ ነው። እነርሱን የሚቀበሉ ቤተሰቦች ክፍያ አያገኙም፤ በፈቃደኝነት ነው። የእርስዎ ልጅ በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ ከሆነች ትከፍላለች። «ጎረቤቴ ልጇን በነፃ ልካለች» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ምግብ ንገሪኝ። እንጀራ አጥቼ እሞታለሁ ወይ? ጾምስ? (ተማሪ፣ ከሀዋሳ)

እንጀራ አታጪም። ራንየር ጎዳናና ቼሪ ጎዳና ላይ የአበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ተደርድሯል። የምትቸገሪው በይሉኝታሽ ነው።

እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል ገና መጀመሩ ነው። እሱ እምቢ ይላል፣ ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች፣ ጉርሻው ይመጣል። አሜሪካዊ ግን አንድ ጊዜ ይጠይቅሻል። «አመሰግናለሁ፣ አልራበኝም» ካልሽው አመነሽ። ሁለተኛ መጠየቅን እንደ ማስጨነቅ ስለሚቆጥረው ዝም የሚለው አክብሮሽ ነው። እኔ የገባሁ ዕለት ማታ ሴትየዋ ሾርባና ዶሮ አቀረበችልኝ። አንጀቴ ታጥፎ ሳለ «በአውሮፕላን በልቻለሁ» አልኩ፤ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ። እሷ ፈገግ ብላ ሳህኑን አነሳችና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ሌሊቱን እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ስቆረጥም አደርኩ፤ ድምፁ እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ። ጠዋት አልጋዬን ስታይ ፍርፋሪውን አግኝታ ሳቀችብኝ፤ እኔ ግን ያኔ አልሳቅሁም።

ውሉን አንብቢ። «ምግብን ይጨምራል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ቁርስሽን ራስሽ ከማቀዝቀዣ ታነሻለሽ፣ ምሳሽን ራስሽ ቋጥረሽ ትሄጃለሽ፣ ትኩስ ምግብ ያለው ማታ ነው። ያም በጊዜ ነው፤ ብዙ ቤት ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት ይቀርባል። የምትቀሪ ከሆነ አስቀድመሽ መልእክት ላኪ። ሠርተው ጠብቀውሽ ስትቀሪ አይቆጡም፣ ግን ይመዘግቡታል።

ጾምን በተመለከተ ሳትመጪ የሆምስቴይ ማመልከቻ ቅጹ ላይ ጻፊው። «ኦርቶዶክስ ነኝ» ብቻ ማለት ምንም አይነግራቸውም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እንደማትበዪ፣ ይህም ረቡዕና ዓርብ እንደሆነ፣ ከፋሲካ በፊት ደግሞ 55 ቀን እንደሚቆይ ዘርዝሪ። «ቪጋን» የሚለውን ቃል ያውቁታልና ተጠቀሚበት። እኔ የጾም ቀኖችን በቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላቸው። አንድ ዓርብ ረስቼ አይብ ስቆርጥ ሴትየዋ እጄን ያዘችኝ።

ቡና ማፍላት ይቻላል? (ተማሪ፣ ከጅማ)

የጅማ ልጅ ሌላ ምን ይጠይቃል! ይቻላል፤ ማፍላቱ ሳይሆን መቁላቱ ነው ጣጣው። የአሜሪካ ቤት ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ። ቡናው «ጢስ» ሲል መጮህ ይጀምራል፤ ዕጣን ከጨመርክበት ጎረቤትም ይወጣል። መስኮት ክፈት፣ ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር መሳቢያ አብራ፣ ካልሆነም ደጅ ቁላ። በምንም ምክንያት ማስጠንቀቂያውን አትንቀል። ከአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አምጥተህ እሰካለሁ ካልክም ተወው፤ የእኛው 220 ቮልት ነው፣ የእነርሱ የግድግዳ ሶኬት 120 ነው። አይሞቅልህም።

ቤተሰቡ ሁለት ሕፃናት አሏቸው። «ከሰዓት በኋላ ጠብቂልን፣ ኪራይ እንቀንስልሻለን» አሉኝ። ልስማማ? (ተማሪ፣ ሲያትል የምትኖር)

አይሆንም። እዚህ ላይ አልለሳለስም። በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ተማሪ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ሊሠራ የሚችለው በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ያም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። ገንዘብ በእጅሽ ባይገባም የኪራይ ቅናሽ ክፍያ ነው፤ ያለፈቃድ ሥራ ተብሎ ቪዛሽን ሊያበላሽ ይችላል። ሕፃን እየጠበቁ የሚኖሩ ልጆች ያየሽ እንደሆነ እነዚያ ኦ ፔር በሚባለው ሌላ ፕሮግራምና በሌላ ቪዛ የመጡ ናቸው።

የበላሽበትን ሳህን ማጠብ፣ የክፍልሽን ቆሻሻ ማውጣት፣ አልፎ አልፎ ከልጆቹ ጋር መጫወት ሥራ አይደለም፤ የቤት ሰው ወግ ነው። በሰዓት የተቀጠረና በዶላር የተተመነ ሲሆን ግን ሥራ ነው። «ቪዛዬ አይፈቅድልኝም» በያቸው። ይሉኝታ ካስቸገረሽ የኮሌጁ የውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ይንገርልሽ።

የተመደብኩበት ቤት ሊንውድ የሚባል ቦታ ነው፤ ኮሌጄ ሲያትል ሴንትራል ነው። ይርቃል? (ተማሪ፣ ከአዳማ)

ባቡሩ አያርቀውም። ቀላል ባቡሩ እስከ ሊንውድ የደረሰው በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኮሌጅህ ደግሞ ካፒቶል ሂል ጣቢያ አጠገብ ነው። ከጣቢያ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። የአንድ ጉዞ ዋጋ 3 ዶላር፣ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ነፃ ነው።

ጥያቄው ከቤቱ እስከ ጣቢያው ያለው ነው። ቤተሰቦች «ለባቡር ቅርብ» ሲሉ በመኪና ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን አድራሻ ጠይቅና በካርታ ላይ በእግርና በአውቶቡስ ለካው፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ላይ ለየብቻ። ሲያትል ዳገት ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከክፍል ስትወጣ ጨለማ ነው፣ ካፊያውም አለ። የእግረኛ መንገድ የሌለው ሰፈር በዚያን ሰዓት እንዴት እንደሆነ በሰኔ ፎቶ አይታይም።

ሙስሊም ነኝ። ቤት ውስጥ ውሻ አለ አሉኝ። ልቀበል? (ተማሪ፣ ከሐረር)

ቤት ካልተመደበልሽ ቅጹ ላይ «ውሻ የሌለበት» ብለሽ ጻፊ፤ የእንስሳ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አለበት፣ አለርጂ ያለባቸውም ይጽፋሉ። ከተመደበልሽ በኋላም ማስቀየር ይቻላል፣ ግን ከመምጣትሽ በፊት ይሁን። እነርሱ ውሻቸውን እንደ ልጅ ስለሚያዩት «ውጭ ይደር» ማለት አይሆንም። ክፍልሽ እንዳይገባ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው። የአሳማ ሥጋ እንደማትበዪም ለይተሽ ተናገሪ፤ ብዙ ሰው ቤከን የሚሉት የአሳማ ሥጋ ከሥጋ የማይቆጠር ቅመም ይመስለዋል። ለሶላት የሚደንቅሽ ነገር ቢኖር ቂብላው ነው፤ ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው የሚዞረው። ለሱሑር ሌሊት ኩሽና መግባትሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሌባ የገባ እንዳይመስላቸው።

ስለ ሻወርና ልብስ ማጠብ? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

ሻወር አሥር ደቂቃ፣ ልብስ በሳምንት አንዴ። ማሞቂያውን አትንካ፤ ከበረደህ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቅ። የሚከብድህ ቆሻሻ መለየት ነው። በሲያትል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምግብ ትራፊ ከተራው ቆሻሻ ጋር መጣል ተከልክሏል፤ ለብቻው ማጠራቀሚያ አለው። የተረፈች እንጀራህ የምትሄደው ወደዚያ ነው።

ሁለት ወር ሞከርኩ፤ አልተስማማንም። መልቀቅ እፈልጋለሁ ግን እፈራለሁ። (ተማሪ፣ ሾርላይን የሚኖር)

መጀመሪያ ያልተስማማችሁበትን ነገር ነግረሃቸዋል? ኮርፎ ክፍል መግባት እኛ ዘንድ መልእክት ነው፤ እነርሱ ዘንድ «ማጥናት ይወዳል» ነው። ቀጥተኛ ቃል ተናገር፤ «ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አያስተኛኝም» ብትል አይቀየሙህም። እኔ ዘንድ የነበረ አንድ ልጅ ሦስት ወር በብርድ ሲንቀጠቀጥ ኖሮ የነገረኝ በሚሄድበት ቀን ነው፤ ክፍሉ ያለው ማሞቂያ ተዘግቶ ነበር። እኔ አበሻዋ እንኳን አላወቅሁለትም።

ተነጋግራችሁ ካልሆነ ውጣ። ውሉ ላይ የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚጠይቅ እይ፤ 30 ቀን የተለመደ ነው። በጽሑፍ አሳውቅ። ከዚያ የማይረሳው ነገር፣ አድራሻ በቀየርክ በ10 ቀን ውስጥ ለኮሌጅህ ማሳወቅ አለብህ፤ የቪዛ ግዴታ ነው። እኔ ስለቅ ያገናኘኝ ድርጅት የቀረውን የወር ክፍያ ሳይመልስልኝ ቀርቷል፤ ሁሉንም በስልክ ስለተነጋገርን የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ንክኪ፣ ማስፈራራት ወይም የተቆለፈ ምግብ ካለ ግን 30 ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ዛሬውኑ ለኮሌጁ ደውል፣ አደጋ ካለ 911።

አክስቴ እዚያው ሲያትል አለች። እሷ ጋ ብኖርስ? (ተማሪ፣ ከደሴ)

አክስትሽ ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ልጆች ያሏት ሴት ከሆነች ሳትፈልጊ ሞግዚት ትሆኛለሽ፤ «ዘመድ ናት» እየተባለ ማጥናት ይቀራል። ደግሞም በአማርኛ ትከርሚያለሽ። ቅዳሜና እሑድ ሂጂላት፤ ቤተ ክርስቲያን አብራችሁ ሂዱ፣ ሽሮሽን ይዘሽ ተመለሺ። ብሩ ከሌለሽ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ የጥናት ሰዓትሽን ቁርጥ አድርገሽ ከመጀመሪያው ተነጋገሪ።

ለተቀባዮቼ ምን ስጦታ ላምጣ? (ተማሪ፣ ከመቀሌ)

ትንሽ ነገር። ነጠላ፣ የተቆላ ቡና፣ ጀበና ከሲኒዎቹ ጋር። ቋንጣ አትያዝ፤ የሥጋ ነገር ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። በርበሬና ሽሮም ቢሆን የያዝከውን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ አስመዝግብ፤ መዋሸት ነው የሚያስቀጣው። ጀበናውን በእጅ ሻንጣ ያዘው፣ አንገቱንም በልብስ ለብቻው ጠቅልለው። የእኔ ሲያትል የደረሰው ያለ አንገቱ ነው፤ ሴትየዋ እስከ ዛሬ አበባ ታስቀምጥበታለች።