እሳት በጎበኘው ደን ውስጥ በጥቅምት መጓዝ

ጥያቄ፦ በጅማ አካባቢ ከዓመታት በፊት የተቃጠለና አሁን በማገገም ላይ ያለ ደን አለ። በጥቅምት ከጓደኞቼ ጋር በዚያ ደን የሚያልፈውን የተራራ ጫፍ መንገድ ልንጓዝ አስበናል፤ ምን እንጠንቀቅ? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በጅማ ዝናቡ መስከረም ሲያልቅ ጨርሶ ስለማይወጣ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ጫፍ ላይ እንዳያገኛችሁ ማለዳ ተነሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ቆመው የደረቁት ዛፎች ናቸው። ሥራቸው በእሳት ወይም በብስባሴ ተጎድቶ፣ ክረምቱ ባራሰው አፈር ላይ የቆሙ በመሆናቸው ቀላል ነፋስ እንኳ ሊጥላቸው ይችላል፤ ስለዚህ ከሥራቸው አትረፉ፣ ነፋሱም ከበረታ ያለማመንታት ተመለሱ። የተቃጠለ ሥር የተወው ጉድጓድ በሣር ተሸፍኖ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል በብትር እየፈተሻችሁ ተራመዱ።

ደኑን ግን ቀስ ብላችሁ እንድትመለከቱት አጥብቀን እንመክራለን። ብሳና ብርሃን ባገኘ ክፍት ቦታ ፈጥኖ ከሚበቅሉት ዛፎች አንዱ ነው፤ በከፍተኛ ደጋ የሚገኘው አስታ ደግሞ ቅርንጫፉ ቢቃጠልም ከመሬት ሥር ካለው ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥላ የሚሹት ዛፎች የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ለጋ ችግኛቸውም በአንድ እግር ርግጫ ይሰበራል። በመሆኑም በተረገጠው መንገድ ብቻ በተራ ተጓዙ፣ በቁልቁለቱም አቋራጭ አትክፈቱ፤ ሥር ያልያዘው አፈር በጎርፍ ይወሰዳልና። እሳት ፈጽሞ አታንድዱ፤ ቡናችሁን ከቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ።