አማቴ ክትባቱን «አይሆንም» ይላሉ

ይድረስ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሊያርሱኝ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ፣ የፍሉ ክትባት በተነሣ ቁጥር «ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እያለ በእርጉዝ ላይ መርፌ ምን ይባላል?» ይላሉ፤ ባለቤቴም እናቱን ላለማስቀየም ዝም ይላል። ለክትትል በሄድኩ ቁጥር ነርሷን «ሌላ ጊዜ» እያልኩ ሁለት ወር አለፈ፤ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ያው ክርክር ነው፣ ታክቶኛል። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ከልጅነቴ ያለብኝ አስም እንኳ ብዙ አያስቸግረኝም። ልጄ የሚወለደው በጥር ነው። ለማንም ሳልናገር ብከተብ በደል ይሆንብኝ ይሆን?

ውድ እኅቴ፣

አስምሽን በግማሽ ዐረፍተ ነገር አለፍሽው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እርሱ ነው። እርግዝና በራሱ የልብንና የሳንባን ሥራ ያከብዳል፤ አስም ሲጨመርበት ኢንፍሉዌንዛ (ፍሉ) ወደ ሳንባ ምች የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። ተራውን ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛንም «ጉንፋን» ብለን መጥራታችን ያታልለናል፤ ዝንጅብል የሚያስታግሰው ጉንፋንና አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ብለው የቀበሩበት ኢንፍሉዌንዛ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከአሜሪካ ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ የሆኑት ነፍሰ ጡሮች ከሟቾቹ 5 በመቶ ያህሉን ይዘው ነበር።

ዋጋውንም አልደብቅሽም። ክንድሽ አንድ ሁለት ቀን ያምሻል፣ ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል፣ ከባድ አለርጂም እጅግ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ክትባቱ በሽታውን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ የመከላከል ኃይሉም ከዓመት ዓመት ይለያያል። መርፌው ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ በአፍንጫ የሚረጨው ግን ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በሌላው ሚዛን ላይ ያለው ልጅሽ ነው፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ሊከተብ አይችልምና በጥር ብርድ በዋናነት የሚጠብቀው በእንግዴ ልጅ በኩል ካንቺ የሚያገኘው መከላከያ ነው። እርሱም እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ «ሌላ ጊዜ» የሚለው መልስሽ ይብቃ።

ሰውነትሽ ያንቺ ነውና መከተብሽ በደል አይደለም። መደበቁን ግን አልወደውም፤ ሕፃኑን ቀን ከሌት የሚያቅፉት አማትሽም መከተብ አለባቸውና። ባለቤትሽን ሲያረግዙ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው እንደሆነ በአክብሮት ጠይቂያቸው፤ የእናት መርፌ ለልጅ እንደሚተርፍ ከዚያ ማስረዳት ይቀልሻል። ማስረዳቱ ግን ያንቺ ብቻ ሸክም አይደለም። በዝምታው ብቻሽን የተወሽ ባለቤትሽ ነው፤ በዚህ ሳምንት አብሮሽ ሄዶ፣ ካንቺ ቀድሞ እርሱ ክንዱን ይስጥ።