ልጁ ስለ ሮዛ ፓርክስ ጠየቀ፤ አባቱ «የእኛ ታሪክ አይደለም» አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ስለ ሮዛ ፓርክስ ክፍል ውስጥ እንዲናገር ታዟል። «አንዲት ሴት ከወንበሯ አልነሳም ስላለች ብቻ ሕግ ይቀየራል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አባቱ ደግሞ «ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው፤ እኛ ዓድዋ አለን» ይላል። እርስዎ ዋሽንግተን ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተዋልና፣ ምን ልበላቸው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅሽ ጥርጣሬ ልክ ነው። ወንበሩ ብቻውን ምንም አልቀየረም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ልጁም የሚያውቀው እሱን ነው።)

ሮዛ ፓርክስ አላባማ ውስጥ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ የአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ የታሰረችው ሐሙስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የጥቁሮች መብት ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊም ነበረች። «ደክሟት ነው ያልተነሳችው» የሚሉትን ተረት ልጅሽ ይተወው። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት በኮሌጁ ማባዣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች፦ ሰኞ አውቶቡስ እንዳትሳፈሩ። ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ሲዞሩ ዋሉ፤ አድማውም ቀጠለ።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡሱ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም ይጭኑ ጀመር። የከተማው ሹሞች ከ45 ሳንቲም በታች የጫነ ይቀጣል አሉ። ሕዝቡም የግል መኪናውን አወጣ፤ 300 ያህል መኪና! መነሻና ማራገፊያ ቦታ ተለይቶ፣ ስምሪትና ተራ አስከባሪ ተመድቦ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ስቴሽን ዋገን ገዝተው ሰዉን ሥራ ያደርሱት ነበር። የኪስ ስልክ በሌለበት ዘመን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መሪ የጨበጠ ያውቀዋል። ትራፊኮቹ በሰበብ አስባቡ ይቀጡ ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግን ሳይቀር በሰዓት 25 ማይል በሚነዳበት በ30 ነዳህ ብለው አስረውታል። ኢንሹራንሶች ውል አቋረጡ። ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ደግሞ፣ ፍርድ ቤት መስክራ ከሥራዋ ስትባረር፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዶሮና ኬክ እየሸጠች የቤንዚኑን ገንዘብ ትሰበስብ ነበር። ይህ ሁሉ 381 ቀን ቆየ። አውቶቡስ ላይ በዘር መለየትን የሻረው ግን የፍርድ ቤት ክስ ነው፤ በዚያ መዝገብ ላይ ደግሞ የፓርክስ ስም የለም። ከሳሾቹ ሌሎች አራት ሴቶች ነበሩ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ኮታ የፈረሰው በ1965 ነው፤ የመብት ትግሉ ምክር ቤቱን ባናወጠበት፣ የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ። በቤተሰብም ሆነ በዲቪ የመጣነው በዚያ በር ነው።

ደግሞስ «የእነሱ» ማለት ማንን ከምን ያድናል? የደብረ ታቦሩ ሙሉጌታ ስራው በ1988 ፖርትላንድ መንገድ ላይ በዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሲገደል፣ ገዳዮቹ ከየት መጣህ ብለው አልጠየቁትም። ዓድዋንም አያውቋት። ቤተሰቡ ወጣቶቹን ያነሳሳውን የነጭ ዘረኞች ድርጅት መሪ ቶም ሜትዝገርን ከሰሱና በ1990 በእሱና በግብረ አበሮቹ ላይ በድምሩ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደ። ያን ክስ የመራው የጠበቆች ድርጅት መቀመጫው የት ነው ብትዪ፣ ሞንትጎመሪ!

ዓድዋን ካነሳም ይጨምርበት፦ ጣልያን በ1935 ሲወርረን ጆን ሮቢንሰን የተባለ፣ አላባማ ቱስኬጊ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ለኢትዮጵያ ያበርር ነበር። የሞተውም አዲስ አበባ ነው።

ልጅሽ ግን ለንግግሩ ክላውዴት ኮልቪንን ቢይዝ ደስ ይለኛል፤ ለዕድሜውም ትቀርበዋለች። ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በ15 ዓመቷ፣ ከአውቶቡስ ወንበሯ አልነሳም ብላ ታሰረች። ከአራቱ ከሳሾች አንዷም እሷ ናት። የእስሩ መዝገብ የተሰረዘላት በ2021፣ በ82 ዓመቷ ነው። መምህሩ «ያዘዝኩት ስለ ፓርክስ ነው» ካለው፣ ኮልቪን ፓርክስ የምታማክረው የማኅበሩ ወጣቶች ክፍል አባል ነበረች ብሎ ይጀምር።