የመድረክ ፎቶ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ደሴ ውስጥ ከመድረክ ሥር ቁጢጥ ብዬ ፎቶ ሳነሳ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ሥራ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ እስክስታ ሳነሳ ትከሻው እንደ ጭስ ይሆንብኛል። ካሜራዬ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ካሜራህ ደህና ነው። ሸተርህ፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ዘግይቶ ነው። ለእስክስታ ከ1/500 ሰከንድ ባትዘገይ ይሻላል። ብርሃን ሲያንስህ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200፣ ካስፈለገም 6400 አድርሰው። ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ይበል። የደበዘዘ ትከሻ ግን ምንም አያድነው።

ዋናው ጆሮህ ነው። ትከሻ ላይ ደርሶ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል። ያቺን ቅጽበት የሚነግርህ ከበሮው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዘፈን አላነሳም። ካሜራዬን አውርጄ ምቱን በእግሬ እከተላለሁ። ከዚያ ጣቴ ከምቱ ቀደም ትላለች። አይቼ ልጫን ካልክ አመለጠህ።

ጥያቄ፦ ነጩ ቀሚስ ጥለቱ ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የኋላው ጥቁር መጋረጃ ነው። ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ቀንሺበት፤ በራው (RAW በሚባለው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ፊቱ ትንሽ ቢጨልም ኋላ ይስተካከላል። አንዴ የነጣ ጥለት ግን አይመለስም። እዚያ ጥለት ላይ የሸማኔው ድካም አለና አደራ።

ጥያቄ፦ ፎቶዬ ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ።

መልስ፦ መብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ ብዙ ርካሽ አምፖል በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሸተሩን 1/100 አድርገው። ለእስክስታ ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ ትከሻ የሚቆምባትን ቅጽበት ጠብቅ። ትዝታ ለሚዘፍን ሰው ግን ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ፍላሽስ?

መልስ፦ አይሆንም። አንድ ጊዜ ማሲንቆ ተጫዋች ፊት ላይ አበራሁበት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀስቱም ከጭራው ላይ ተንሸራተተ። ያ የተቋረጠ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ አዳራሽ ስገባ ሌንሴ ጉም ይለብሳል።

መልስ፦ የደሴ ብርድ ነዋ! ከውጭ ቀዝቅዞ የገባ ሌንስ ሰው የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ያልበዋል። ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ግባ፤ ካሜራውን ከቦርሳው አታውጣ፣ እዚያው ይሙቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መንዙማ ላይ ማንሳት ነውር አይደለም? (አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ሳላስፈቅድ አላነሳም። ከፈቀዱልኝም የሸተሩን ድምፅ አጥፍቼ ከጥግ እቆማለሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ከሳቡ ካሜራዬን አወርዳለሁ።